ከድንጋዩ እስከ ውሃው፦ የቀያሹ የአቶ ጌርሾን ዶትሴ አጎርጆ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጌርሾን ዶትሴ አጎርጆ ከአባታቸው ከአቶ ሕዝቅያስ አጎርጆና ከእናታቸው ከወይዘሮ አኩ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1951 ዓርብ ጠዋት በዶግቤኮፔ ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ዛሬ የለም። ቤቱ የቆመበት መሬትም የለም፤ ቦታውን ማየት የሚፈልግ ሰው ታንኳ መያዝ አለበት። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ሲሆኑ ይህን ታሪክ የጻፈችው እህታቸው ኤንዮናም አራተኛዋና የመጨረሻዋ ናት። ሁለቱ ታላላቆቻቸው ቀድመው አርፈዋል።

አባታቸው ሽንኩርት አምራችና የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ነበሩ። እናታቸው ዓሣ በጭስ እያደረቁ ገበያ ያወጡ ነበር። ዶግቤኮፔ በባሕሩና በሐይቁ መካከል ያለች ቀጭን መሬት ስለሆነች፣ ልጆቹ ከባሕሩ በኩል ሲባረሩ በሐይቁ በኩል፣ ከሐይቁ ሲባረሩ በባሕሩ በኩል እየተጫወቱ አደጉ። አቶ ጌርሾን ስድስት ዓመት ሲሞላቸው፣ በ1957፣ ከዋና ከተማው ቀያሾች መጥተው በቤተ ክርስቲያናችን የመሠረት ድንጋይ ላይ የጠርሙስ ክዳን የሚያህል የነሐስ ምልክት አኖሩ። ከምልክቱ እስከ ውሃው ድረስ በሰንሰለት ለኩና ጽፈው ሄዱ። ጌርሾን ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ቀርተው ሲያዩ ስለዋሉ እናታቸው ገርፈዋቸዋል። እሳቸው ግን ግርፊያውን አያነሡም ነበር፤ የሚያነሡት ሰዎቹ ነጭ ባርኔጣ ማድረጋቸውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው ተምረው በ1967 ለሁለተኛ ደረጃ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ሄዱ። ከዚያ በቅየሳ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምረው በዲፕሎማ ተመረቁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1974 በረዳት ቀያሽነት ተቀጥረው ወደ ምዕራቡ የባሕር ዳርቻ ተመደቡ። በዚያ ስድስት ዓመት ሲሠሩ ለገና ካልሆነ በቀር አልመጡም። ሲመጡም ከአውቶቡስ ወርደው እስከ ቤት ርምጃ እየቆጠሩ ስለሚሄዱ ሰላምታ አይመልሱም ነበር። ቆጥረው ሲጨርሱ ተመልሰው ሰውን ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃሉ። መንደሩ ስም ሳያወጣ አይቀርምና "ኤፎ ሜትር" ተባሉ፤ ታላቅ ወንድማችን ሜትር እንደ ማለት ነው።

በ1978 መምህርት ፊደሊያ ያዋን በቤተ ክርስቲያናችን አገቡ። በሠርጉ ዋዜማ ድንኳኑ ውስጥ ስንት ወንበር እንደሚገባ በገመድ ለክተው ሁለት መቶ አሥር አሉ። ሁለት መቶ አሥር ወንበር ገባ። ሙሽራይቱ ግን በወንበሮቹ መካከል በቬሏ ማለፍ አልቻለችምና ሦስት ረድፍ ተነሣ። ወይዘሮ ፊደሊያ ይህን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲናገሩ ኖረዋል። ሴንዮ በ1979፣ ኤሲናም በ1983 ተወለዱላቸው።

በ1981 መሥሪያ ቤታቸው የምሥራቁን ዳርቻ ዳግም ሲያስለካ አቶ ጌርሾን ለትውልድ መንደራቸው ተመደቡ። ከድንጋዩ እስከ ውሃው አንድ መቶ አርባ ሰባት ሜትር አገኙ፤ ቅጹን ሞልተው፣ ፈርመው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ላኩ። ከዚያ ወደ ዋና ከተማው ተዛውረው ብዙ ዓመት ሠሩ። በ2001 ለሦስተኛው ልኬት ተመልሰው መጥተው አንድ መቶ አርባ ዘጠኝ ሜትር አገኙ። ይህንንም ፈርመው ላኩ። ቅጹ የሚጠይቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ቁጥሩ ከየትኛው የቀድሞ ቁጥር ጋር እንደሚተያይ፣ ካርታውም ምን እንደሚመስል ለካው ሰው አይነገረውም። የካርታው ወረቀት ቁልፍ ቤት የሚባል የተቆለፈ ክፍል ይገባል። ለማየት ከበላይ የተፈረመ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤውን ለማግኘት ደግሞ ወረቀቱን ለምን እንደፈለጉት ማስረዳት ያስፈልጋል። ሳያዩት ለምን እንደሚፈልጉት እንዴት እንደሚያስረዱ የነገራቸው የለም።

በ2008 የባሕር መከላከያ ግንብ ዕቅድ ይፋ ሆነ። ግንቡ ከምዕራብ መጥቶ በጎረቤታችን ባለው መንደር ላይ ይቆማል፤ ከእኛ ወዲያ ካለው መንደር እንደገና ይጀምራል። ዶግቤኮፔ መሃል ላይ ባዶ ቀረች። ምክንያቱ ሲጠየቅ "በመረጃው መሠረት ዳርቻው የተረጋጋ ነው" የሚል መልስ መጣ። ያን ጊዜ በአንድ የዝናብ ወቅት ብቻ ዘጠኝ ቤት ወድቆብን ነበር። አቶ ጌርሾን የዶግቤኮፔን ወረቀት ለማየት አሥራ አራት ደብዳቤ ጻፉ። በሠላሳ ስድስት ዓመት አገልግሎታቸው የለኩትን ዳርቻ ወረቀት አላሳዩአቸውም። በ2011 በጡረታ ሲሰናበቱ የግድግዳ ሰዓትና የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው፤ ሰዓቱ እህታቸው ቤት አለ፣ ይሠራል።

በ2013 የአካባቢያችን የምክር ቤት አባል የባሕር ዳርቻ ካርታ ረቂቅ ሕግ ይዘው ተነሡ። በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትኖ የተቆለፈው ልኬት አንድ ቦታ እንዲሰበሰብ፣ ዳርቻው በየአምስት ዓመቱ በሳተላይት መለኪያ ከዳር እስከ ዳር እንዲነሣ፣ ማንኛውም ሰው ያለ ደብዳቤና ያለ ክፍያ እንዲያየው የሚል ነው። ተቃዋሚ አልጠፋም። አንዳንዱ ጠላት ካርታችንን ያገኘዋል አለ። አንዳንዱ ሕዝቡ ወረቀቱን አይቶ ይደናገጣል አለ፤ ሕዝቡ ባሕሩን በየቀኑ እንደሚያይ የዘነጋ ይመስላል። እኒህ እንደራሴ የቀድሞ ቀያሾችን ለምክር ሲጠሩ አቶ ጌርሾንም ሄዱ። ረቂቁን የሚመረምረው የምክር ቤቱ ኮሚቴ ለምሳሌ ይሆናል ብሎ የዶግቤኮፔን ወረቀት ከቁልፍ ቤት አስወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ወንድማችን በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ያን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። ሦስት ቁጥር ነበረበት። መቶ ሃምሳ አንድ፣ መቶ አርባ ሰባት፣ መቶ አርባ ዘጠኝ። ከሁለቱ አጠገብ የገዛ ፊርማቸው አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶግቤኮፔ ደርሰው በቀጥታ እህታቸው ግቢ ገቡ። እህታቸው ዓሣ እያጸዳች ነበር። በሕይወት ታሪክ ላይ ንግግር መጻፍ ልማድ አይደለም፤ ይህን ግን ሌላ የሰማው ሰው ስለሌለ እህታቸው እንዳለ ጽፋዋለች።

"ኤንዮናም፣ እኔ መለካት አልችልም?"

"ምን ሆነሃል ኤፎ? ውሃ ጠጣ መጀመሪያ።"

"በሃምሳ ሰባት መቶ ሃምሳ አንድ፤ እኔ ስለካው መቶ አርባ ሰባት፤ ከሃያ ዓመት በኋላ መቶ አርባ ዘጠኝ። በአርባ አራት ዓመት ሁለት ሜትር! ባሕሩ አልተነቃነቀም ይላል ወረቀቱ።"

"ታዲያ የአባባ ቤት የት ሄደ? ተነሥቶ ገበያ ወጣ?"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ። ከድንጋዩ ነው የለካሁት። በዚህ እጄ።"

"ከየትኛው ድንጋይ?"

"ከቤተ ክርስቲያኑ ነዋ! ነሐሱ ካለበት።"

"እሱንማ ተሸክመነው መጣን።"

"ማን?"

"እኛ። ሴቶቹ። ቤተ ክርስቲያኑ በተነሣ ቁጥር።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ አማኞቻችን ቤተ ክርስቲያኑን የሠሩት ከውሃው ሁለት መቶ ርምጃ ላይ ነው፤ መረብ የሚጎትቱት ሰዎች ደወሉን እንዲሰሙ። ባሕሩ ሲጠጋ፣ በ1979 እና በ2000፣ ቤተ ክርስቲያኑን አፍርሰን ወደ ውስጥ ስንወስደው ሽማግሌዎች ከአዲሱ የውሃ ዳር ያንኑ ሁለት መቶ ርምጃ ቆጥረው መሬቱን መረጡ። የመሠረት ድንጋዩም አብሮ ሄደ፤ ድንጋዩ ከሌለ ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይሆናልና። አሥራ ስድስት ሴቶች እየተፈራረቅን እየዘመርን ተሸከምነው። ነሐሱንም የመንግሥት ዕቃ ነው ብለን በሎሚና በአመድ አሸነው። ሁለቱም ጊዜ አቶ ጌርሾን በሥራ ምክንያት ሩቅ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ መሆኑን መጥተው አይተዋል፤ ነሐሱን ግን መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አምጥቶ ያስቀመጠው መሰላቸው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ምልክቱ ከ1957 ጀምሮ ካለበት ያልተነቃነቀ መሰለው። ወረቀቱ አንድ ቀን እንኳ እዚህ መንደር መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ከዓሣ ሻጮቹ ማንኛዋም ገና ስታየው ትነግራቸው ነበር።

ወንድማችን የተገለበጠ ገንዳ ላይ ተቀመጡ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? ድንጋይ ተሸከምን ብዬ? አንተስ መች ጠየቅከኝ?"

"ልክ ነሽ። አልጠየቅኩም።"

የበቆሎ ገንፎ፣ አክፕሌ፣ ቀርቦላቸው አልበሉም። እህታቸው ያን ቀን የሳቀችው ሳቅ እስካሁን ያሳፍራታል፤ መጀመሪያ ላይ ስቃ ነበር። ዕቅዱ ያለፈን በእነዚያ ሦስት ቁጥሮች ምክንያት መሆኑን ቆይታ ነው የገባት። ወንድሟ የለኩት ልክ ነው፣ እሷም የተሸከመችው በደስታ ነው፤ ከዚህ የተነሣ መንደሩ ያለ ግንብ ቀረ። በዚህ ጉዳይ ምን ሊሰማት እንደሚገባ እስከ ዛሬ አታውቅም።

አቶ ጌርሾን ይህንኑ ኮሚቴው ፊት ሄደው ለመናገር ወሰኑ። የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ስልክ እየደወሉ ሁለት ጊዜ የፈረምክበትን ተሳስቼ ነው ብለህ ስምህን ልታጠፋ ነው ወይ አሏቸው። የመንደራችን አለቃ ቶግቢ ክፔግሎም አስጠርተው ተቆጡ።

"አገር ሁሉ ሊስቅብን ነው? ድንጋዩን ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ልንባል ነው?"

"ቶግቢ፣ ይሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ይለካሉ።"

"ቤተ ክርስቲያኑንስ ምን ልትለው ነው?"

"ድንጋዩ የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ የፈለጋችሁበት ውሰዱት። ፊርማው የኔ ነው።"

ወይዘሮ ፊደሊያ በዚያን ጊዜ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። የመከሩት ምክር አጭር ነው። "ሂድና ተናገር፤ ግን አታስረዝመው፣ አንተ ስትጀምር አትጨርስም" አሏቸው። ፌብሩዋሪ 2014 ላይ አቶ ጌርሾን በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርበው አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገሩ። ስህተቱ የማን እንደሆነ ሲጠየቁ "የኔ ነው፤ የማይታይ ወረቀት ላይ የተጻፈ ስለሆነ ግን ሊያርመኝ የሚችል ሰው አልነበረም" ብለው መለሱ። ከዚያም አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ለመኑ፦ ማንኛውም የዳርቻ ካርታ ከመጽደቁ በፊት በየመንደሩ ዘጠና ቀን ይሰቀል፣ ነዋሪው አይቶ ስህተት ካገኘ ያመልክት። ሁለት መቶ ርምጃው ሲነሣ የሳቁ ነበሩ። አንቀጹ ግን ገባ።

ወይዘሮ ፊደሊያ በዚያው ዓመት በኦገስት አርፈው በመንደራችን መቃብር ተቀበሩ። ረቂቅ ሕጉ ሁለት ጊዜ ተላልፎ፣ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ተገኝቶ፣ በ2016 ጸደቀ። ዜናው በሬዲዮ ሲነገር እህታቸው እልል ልትል ተነሥታ ነበር። እሳቸው "ጥሩ ነው" ብለው ሬዲዮኑን ዘጉና ፊታቸውን ለመታጠብ ወደ ጓሮ ሄዱ።

የመጀመሪያው ወረቀት በ2018 በዓሣ ገበያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አቶ ጌርሾን ወንበር አምጥተው ዘጠናውን ቀን አጠገቡ ተቀምጠው ማንበብ ለማይችል ሁሉ አነበቡለት። አርባ አንድ ማመልከቻ ገባ። አንዲት ማንበብ የማትችል ሽንኩርት ሻጭ በጣቷ ነክታ "ይህ ጉድጓድ ውሃ ከመንገዱ ወዲህ ነው፣ እኔ ነኝ የምቀዳው" ብላ አሳረመች። ቶግቢ ክፔግሎ ሳይቀሩ መጥተው የእርሻቸውን ድንበር አሳረሙ፤ ስለ ድንጋዩም ዳግም አላነሡም። የታረመው ወረቀት ከ1957 ወዲህ ሁለት መቶ ሰባ ሜትር መሬት ማጣታችንን አሳየ። የግንቡ ዕቅድም ተለወጠ። ግንቡ የተጀመረው ግን በ2021 ነው። በዚያ መካከል ስልሳ ሦስት ቤት ሄዷል፣ የአቶ ጌርሾንም አንዱ ነው። ለግንቡ የተገኘው ድንጋይ የበቃው ለመንደሩ ምሥራቃዊ ግማሽ ነው። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው፤ ቢሆንም ዘግይቷል፤ እህታቸው ይህን ሳትጽፍ ማለፍ አልቻለችም።

አቶ ጌርሾን ቤታቸው ከሄደ በኋላ ከእህታቸው ጋር ኖሩ። በ2019 የደም ግፊት ቀኝ ጎናቸውን ያዘው። በ2022 ድጋሚ ሲመታቸው መናገር አቆሙ። ሰው ሲጠይቃቸው በግራ እጃቸው ጣቶች ቁጥር ይመልሱ ነበር። ምን ያህሉ ለጥያቄው መልስ እንደነበረ፣ ምን ያህሉ የራሳቸው ቁጥር እንደነበረ አናውቅም። በሆስፒታልና በቤት ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2023 ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። እህታቸው አጠገባቸው ነበረች። ልብስ እያጠፈች ነበር፣ አጥፋ ጨረሰች፣ ከዚያ ሰው ጠራች። እስካሁን አላለቀሰችም፤ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ይመጣል እያሏት ነው።

ሁለት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና አንዲት እህትን ትተው ሄደዋል።

በልማዳችን ባል ከሚስቱ አጠገብ ይቀበራል፤ የወይዘሮ ፊደሊያ መቃብርም ጎኑ ክፍት ተደርጎ የቆየው ለዚሁ ነው። ይሁንና የአምስት ዓመቱ አዲስ ወረቀት ባለፈው ወር ገበያው ላይ ተሰቅሏል። ልጃቸው ሴንዮ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ግልባጭ አምጥቶ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ምንጣፍ ላይ ዘረጋው። ለምን እንደፈለገው አልጠየቁትም፤ ሕጉ አትጠይቁ ይላል። በወረቀቱ ላይ ባሕሩ በ2030 ይደርስበታል የተባለው የውሃ መስመር ከመቃብሩ ወዲህ አልፏል። የቤተሰቡ ታላቅ "ሚስቱን እዚያ አስተኝተን እሱን ሐይቅ ማዶ? ነገ ምን ብሎ ይጠይቀናል?" አሉ። ሲመሽ ሐይቅ ማዶ እንዲሆን ተወሰነ። ወይዘሮ ፊደሊያን ስለ ማንሣት ገና አልተነጋገርንም።

ዘጠናው ቀን አላለቀም፤ ስህተት ያገኘ ሰው አሁንም ማመልከት ይችላል። እህታቸው ማክሰኞ ጠዋት መነጽሯን አድርጋ ገበያው ግድግዳ ሥር ቆመች። ጉድጓድ ውሃውን አየች፣ መንገዱን አየች፣ ቤተ ክርስቲያኑን አየች። ከዚያ መቃብሩ ዘንድ ሄዳ ሴንዮ ከበሩ እስከ ውሃው በሜትር እንዲለካ አደረገች፤ ሁለት ጊዜ አስለካችው። የመንግሥት ወረቀት ተሳስቶ እንዲገኝ በሕይወቷ እንዲህ ተመኝታ አታውቅም። አልተሳሳተም።

የሕይወትና የሞት ጌታ የወንድማችንን የአቶ ጌርሾን ዶትሴ አጎርጆን ነፍስ ውሃ በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውና ለመንደራችን መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።